ቡናው በእሷ እጅ፣ ፊርማው በእሱ

ባንኮ ጎቲቲ የሚለውን ስም ከአዲስ አበባ ነዋሪ ይልቅ የሴኡልና የቶኪዮ ቡና ጠጪ ሳያውቀው አይቀርም። በጌዴኦ ዞን ጌዴብ ወረዳ፣ ከዲላ ተነስቶ ይርጋጨፌን አልፎ ወደ ደቡብ በሚያቀናው መንገድ የምትገኝ ቀበሌ ነች። ስሟ ውጭ አገር በቡና ከረጢት ላይ ከከፍታዋ፣ ከአጠባው ዓይነትና ስለ መዓዛው ከሚሰጥ ምስክርነት ጋር ታትሞ ይሸጣል። ይህ ስም ብቻውን መቆም ከጀመረ ብዙ ጊዜው አይደለም። የአካባቢው ገበሬዎች ቀድሞ በወርቃ ማኅበር ሥር ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ተለይተው የራሳቸውን መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ በ1994 ዓ.ም. የተመሠረተው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን አባል ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሚያልፈው ቡና በአካባቢና በደረጃ እየተደባለቀ ይሸጥ ስለነበር፣ የአንድ ቀበሌን ስም ይዞ ባሕር የሚሻገረው በአመዛኙ በዩኒየን በኩል የሚሄደው ቡና ነበር። በ2009 ዓ.ም. የቡና ግብይት አዋጁ ተሻሽሎ የቀጥታ መላኪያው በር ሰፋ ሲል ግን የግል ማጠቢያ ሳይቶችም የቀበሌዋን ስም ይዘው ወጡ።

እንግዲህ ቀበሌው ስም አገኘ። ከፍታውም፣ ዝርያውም፣ አጠባውም ስም አገኙ። ስም ሳያገኙ የቀሩት የዚያን ቡና ጥራት በእጃቸው የያዙት ሴቶች ናቸው።

ነገሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይሻላል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት የጌዴብ ማጠቢያ ሳይቶች ሌሊትም አይተኙም። እሸቱ ተፈልፍሎ፣ በገንዳ ውስጥ ሁለት ቀን ያህል ተብላልቶ፣ በቦይ ታጥቦ ሲያበቃ ውኃው ገና እየተንጠፈጠፈ ወደ አልጋ ይወጣል። አልጋ የሚሉት ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት የቆመ፣ በመረብ የተነጠፈ ረጅም ማድረቂያ ነው። ግራና ቀኙን የሚይዙት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። የቡናው ጉድለት ደምቆ የሚታየው ገለፈቱ እርጥብ እያለ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ይደበቃል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጥላ ሥር በለቀማ ያልፋሉ። መፈልፈያው የቆረጠው፣ ተባይ የበሳው፣ የጠቆረው ፍሬ እየተለቀመ ይወጣል። ቀጥሎ ማገላበጡ አለ። ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲከር ገለፈቱ እንዳይሰነጠቅ ይሸፈናል፤ ሲመሽም ጤዛ እንዳይነካው እንደገና ይሸፈናል። እርጥበቱ ወደ 11 ወይም 12 በመቶ እስኪወርድ ከ10 ቀን በላይ እንዲህ ይከረማል። መለኪያው ከመምጣቱ በፊት ፍሬውን በጥርሷ ነክሳ "ገና ነው" የምትል ሴት አለች። የደመናውን አመጣጥ አይታ "ሸፍኑ!" የምትልም አለች። ሰምቶ የሚታዘዛት ሰው እስካለ ድረስ በዚያች አንድ ቃል የበርካታ ኩንታል ቡና ዕጣ ይወሰናል።

ይህን ክህሎት የአመራር ክህሎት ካላልነው ምን እንደምንለው አላውቅም። ሰው ማሰማራት፣ አደጋን ቀድሞ ማየት፣ በጎደለ መረጃ ወስኖ ለውሳኔው ኃላፊነት መውሰድ፣ ጥራትን በየሰዓቱ መቆጣጠር ሁሉም እዚያ አልጋ ላይ አሉ። ደመወዟ ግን የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነው፤ መጠሪያዋም ያው ነው።

በየዓመቱ በየከተማው ሆቴል አዳራሽ "የሴት ሥራ ፈጣሪዎች የአመራር ክህሎት ሥልጠና" የሚል ባነር ይሰቀላል። ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ይሆናል። ስለ ራስ መተማመን፣ ስለ ራዕይ፣ ስለ አዎንታዊ አስተሳሰብ ይነገራል፤ ሻይ ይጠጣል፣ አበል ይከፈላል፣ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ሥልጠናውን መናቄ አይደለም። የሚያጠራጥረኝ መነሻው ነው፦ ሴቶቹ መምራት አያውቁም፣ ስለዚህ እናስተምራቸው የሚል ነው። የጌዴኦን የቡና ኢኮኖሚ ከሥሩ ለሚያይ ሰው የጎደለው ዕውቀቱ አይመስለውም። የጎደለው ዕውቀቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው፤ ማለትም የአባልነት መዝገቡ፣ የባንክ ሒሳቡ፣ የውሉ ፊርማ። "ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ" የሚለውን አባባል ዛሬ ጮክ ብሎ የሚናገር ሹም አናገኝም። መዝገቦቻችን ግን አሁንም በአባባሉ ይተዳደራሉ።

የቤቱን ኢኮኖሚ እንይ። የጌዴኦ ማሳ ከላይ ዋርካና ብርብራ የመሰለው አገር በቀል ዛፍ፣ ከመሐል እንሰት፣ ከሥር ቡና ተደጋግፈው የሚኖሩበት ነው። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበውም ይህንኑ መልክዓ ምድር ነው። ቡና በዓመት አንዴ ገንዘብ ያመጣል፤ እንሰት ዓመቱን ሙሉ ያበላል። እንሰት መፋቁ፣ ቆጮውን ጉድጓድ መክተቱ፣ ቡላውን ማውጣቱ፣ የተረፈውን ገበያ ማድረሱ የሴት ሥራ ነው። ስለዚህ የጥሬ ገንዘቡ ሰሞን የባል፣ የቀሩት ወራት የሚስት ናቸው ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ክረምት ላይ እጅ ሲያጥር ቡናው ገና ዛፍ ላይ እያለ ከነጋዴ ገንዘብ ተቀብሎ በርካሽ መዋዋል በቡና አገር ሁሉ የታወቀ ችግር ነው። ጎተራውን የምታውቀው ሴት "እስከ ኅዳር እንዘልቃለን፣ አትሸጥ" ማለት ከቻለችና ከተሰማች ቤተሰቡ ዋጋ ጠብቆ ይሸጣል። ካልተሰማች የዓመቱ ትርፍ በሐምሌ ያልቃል። የንግድ ትምህርት ቤት የሥራ ካፒታል አስተዳደር ብሎ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።

ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ደግሞ አባልነት ለሰው ይሁን እንጂ በተግባር አንድ ቤት አንድ ስም ማስመዝገቡ ተለምዷል። ያ ስም በአብዛኛው የአባወራው ነው። ጉባዔ ላይ የሚቀመጠው፣ ድምፅ የሚሰጠው፣ ለሥራ አመራር ኮሚቴ የሚመረጠው፣ ዩኒየኑ ከተጣራ ትርፉ የሚመልሰው ገንዘብ ሲከፋፈል ጣቱን የሚያትመው ባለ ስሙ ነው። ሚስት አባል የምትሆነው ብዙውን ጊዜ ባል ሲሞት ነው። መሪ ለመሆን ባል መቅበር ያስፈልጋል እንደማለት ነው፤ ይህን የጻፈ ሕግ የለም፣ ልማዱ ግን ሕግ ሆኖ ይሠራል።

ፊርማ ምን ያህል እንደሚለውጥ ከራሳችን ታሪክ ማየት ይቻላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ ያደርግ ነበር፤ አንዱ ተጋቢ ሌላው ከቤት ውጭ እንዳይሠራ ለመቃወምም ቀዳዳ ይከፍት ነበር። በተግባር ተቃዋሚው ማን እንደነበር መገመት አያስቸግርም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን አስቀርቶ የጋራ ንብረት በጋራ ፈቃድ እንዲተዳደር አደረገ። ክልሎች ሕጉን ያጸደቁት በተለያየ ጊዜ ስለነበር ተመራማሪዎች ለማነጻጸር ተመቻቸው። ሜሪ ሃልዋርድ ድሪማየርና ኡሱማን ጋጂጎ የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች ያደረጉት ጥናት ሕጉ ቀድሞ በተተገበረባቸው አካባቢዎች ሴቶች ከቤት ውጭ፣ ዓመቱን ሙሉና ከፍ ያለ ክህሎት በሚጠይቅ ሥራ የመሰማራታቸው ዕድል ይበልጥ እንደጨመረ አሳየ። በመሐል የተለወጠው የማን ፈቃድ ያስፈልጋል የሚለው ነበር። ክህሎቱ የት ነበር? እዚያው ቤት ውስጥ ነበር።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት የይዞታ ደብተር በሁለቱም ስም እንዲሰጥ ደንግጓል። ስለዚህ አሁን ያለን ቅራኔ እንዲህ ነው፦ መሬቱ በሁለት ስም፣ ከመሬቱ የወጣው ቡና በአንድ ስም። የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ያወቃትን ሴት የቡና ማኅበሩ አያውቃትም።

የሴት አመራር ለጌዴኦ ባዕድ ነው የሚል ካለ ደግሞ ሽማግሌዎቹን ይጠይቅ። በጌዴኦ፣ በጉጂና በቡርጂ አፈ ታሪክ አኮ ማኖዬ የምትባል ንግሥት ነበረች። ወንዶችን አዝዛ የኖረች፣ የማይቻል ትእዛዝ የምትሰጥ፣ ለምሳሌ በሰማይና በምድር መካከል ቤት ሥሩልኝ ትል የነበረች ናት ይባላል። መጨረሻ ላይ ወንዶቹ መክረው ጉድጓድ ቆፍረው፣ በቆዳ ሸፍነው፣ ኑ ይቀመጡ ብለው ጣሏት። ተረቱ የሚነገረው ሴት ስትገዛ ምን እንደሚመጣ ለማስጠንቀቅ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ገጽ ነው። ተራኪዎቹ ገዛች ብለው ያምናሉ፤ አልቻለችም የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ሥልጣኗን ያጣችውም በብቃት ማነስ ሳይሆን በጉድጓድ ነው። ዛሬ በሶንጎው፣ በሽማግሌዎች ሸንጎ፣ የሚቀመጡት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው።

በር ሲከፈት ምን እንደሚሆን ለማየት ከጌዴኦ ብዙም ወደማይርቀው አማሮ መሻገር ይበቃል። ወይዘሮ አስናቀች ቶማስ አዲስ አበባ ከኖሩ በኋላ ወደ ተወለዱበት አማሮ ተመልሰው በ1990ዎቹ መጨረሻ የራሳቸውን ማጠቢያ ሳይት አቋቋሙ። በአገራችን ቡናን ከማሳው እስከ መቁላቱና መላኩ በራሳቸው ስም ከያዙት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናቸው፤ አማሮ ጋዮ የሚለው ቡናቸውም የአካባቢውን ስም ይዞ ውጭ ገበያ ገባ። አማሮ ያን ጊዜ እንደ ይርጋጨፌ በስሙ የሚጠራ የቡና አገር አልነበረም። ገበሬውን ቀይ እሸት ብቻ ልቀም ማለት ቀላል ነው፤ ለቀይ እሸት ብቻ የተሻለ ዋጋ ከፍሎ በቃል መጽናት ነው ከባዱ። ይህን የሚያደርግ ሰው የራሱ ገንዘብ፣ የራሱ ፈቃድ፣ የራሱ ውል ያስፈልገዋል። ወይዘሮ አስናቀች ያወቁትን ያህል የሚያውቁ ሴቶች አልጋ ዳር እንዳሉ አልጠራጠርም። ልዩነቱ ፈቃዱ በማን ስም እንደወጣ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ "ታዲያ ሥልጠና ከንቱ ነው ወይ?" ሊለኝ ይችላል። አይደለም፤ ግን የትኛው ሥልጠና? እ.ኤ.አ. በ2017 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት አለ። በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ 1,500 አነስተኛ ነጋዴዎች በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ወገን የተለመደውን የሒሳብ አያያዝና የግብይት ሥልጠና ወሰደ፤ ሌላው ዕድልን ቀድሞ ማየት፣ ከሌላው የተለየ ነገር ማቅረብና እንቅፋት ሲገጥም አለመመለስ ላይ ያተኮረ የተነሳሽነት ሥልጠና ወሰደ፤ ሦስተኛው ምንም አልወሰደም። የተነሳሽነቱን ሥልጠና የወሰዱት ትርፋቸው 30 በመቶ ያህል አደገ። የተለመደውን የወሰዱት ያሳዩት ዕድገት ወደ 11 በመቶ ሲሆን እሱም በስታቲስቲክስ ሚዛን አስተማማኝ አልነበረም። በሴቶች ላይ ልዩነቱ ይበልጥ ሰፋ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች ቀድሞውንም የራሳቸው ንግድ የነበራቸው ናቸው። የተማሩትን በማግስቱ ማንንም ሳያስፈቅዱ የሚሞክሩበት ሱቅ ነበራቸው። ለባንኮ ጎቲቲ ሴት ያንኑ ሥልጠና ሰጥተን ማታ ቤቷ ስትገባ የምትወስንበት አንድ ኪሎ ቡና ከሌላት፣ ጥናቱን የጠቀስነው በከንቱ ነው።

ብድሩም ላይ ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። በ11 ሴቶች መሥራችነት የተቋቋመውና በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እናት ባንክ የተለየ ያደረገው የማስያዣን ጥያቄ ፊት ለፊት መንካቱ ነበር፦ አቅም ያላቸው ሴቶች ያስቀመጡት ገንዘብ ማስያዣ ለሌላቸው ሴቶች ዋስ እንዲሆን አሰበ። በዓለም ባንክ 50 ሚሊዮን ዶላር እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የሴት ሥራ ፈጣሪዎች ልማት ፕሮግራምም በማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት በኩል ለሴቶች የግል ብድር አቅርቧል። ሁለቱም ግን ትኩረታቸው ከተማ ነበር፤ ፕሮግራሙ ሲጀምር ከደቡብ የመረጠው ሐዋሳን ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ተንቀሳቃሽ ንብረትን ማስያዣ የማድረግ አዋጅ ግን ገጠሩን ሊነካ የሚችል ነው፤ ሰብል፣ ከብት፣ መጋዘን የገባ ምርት ለብድር መያዝ ይችላል። በመርህ ደረጃ ጀንፈሏን ያደረቀች ሴት ጀንፈሉን አስይዛ ዋጋ እስኪወጣ መጠበቅ ትችላለች ማለት ነው። ጀንፈሉ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን እንደገና ወደዚያው መዝገብ ይመልሰናል።

ጎቲቲ በዓለም ዜና የተጠራበት ሌላ ጊዜ አለ፤ በቡና አልነበረም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በተነሳው ግጭት አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተፈናቀለ። በ2011 ዓ.ም. አጋማሽ ጎቲቲ በሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቃዮች ዕርዳታ ተነፍገው በረሃብ የተጎዱባት ሥፍራ ተብላ ተዘገበች። በኪሎ ብዙ ዶላር የሚያወጣ ቡና የሚበቅልበት ቀበሌ ነው። እንዲህ ያለ ጊዜ የሴቶች አነስተኛ ንግድ ምን ያህል በባዶ ላይ እንደቆመ ይጋለጣል። የቡላ፣ የአረቄ፣ የቡና ቁርስ ንግድ ፈቃድ የለውም፣ መዝገብ የለውም፣ ስለዚህ ጠፋ ብሎ ካሳ የሚጠይቅለት የለም። ባል የማኅበር አባል ከሆነ ድርሻው በመዝገብ ይቆየዋል፤ የእሷ ካፒታል በመቀነቷ ውስጥ የነበረው ነው።

አሁን አዲስ መዝገብ እየተከፈተ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ ቡና ወደ ገበያው የሚያስገባ ነጋዴ ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ በካርታ ነጥብ እንዲያሳይ ያስገድዳል። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንዲት ነጥብ ትበቃለች፤ የጌዴኦ ማሳ ደግሞ ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። የደንቡ ተፈጻሚነት ከአንዴም ሁለቴ ተራዝሟል፣ በእኛ በኩል ግን ልኬቱ ተጀምሯል። ባለ ስልክ ወጣት በየማሳው እየዞረ ነጥብ ይይዛል፣ ከነጥቡ አጠገብ ስም ይጽፋል። ደንቡ አጥብቆ የሚጠይቀው ቦታውን ነው። በስሙ ሳጥን ውስጥ ማን እንደሚገባ የሚወስኑት መዝጋቢው፣ ማኅበሩና ላኪው ናቸው። ዛሬ የሚጻፈው ስም ነገ የዋጋ ጭማሪው፣ የሥልጠናው ግብዣ፣ የብድሩ ታሪክ የሚከተለው ስም ይሆናል።

በ2017 በጀት ዓመት ኢትዮጵያ ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። ገንዘቡ በዚህ መጠን ሲያድግ የስሙ ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል እንጂ አይቀልም፤ ሀብት ሲመጣ ባለቤትነት ይጠነክራል።

ስለዚህ ለሦስት ወገኖች ጥያቄ አለኝ። ለዩኒየኑና ለመሠረታዊ ማኅበራቱ፦ የይዞታ ደብተሩ በሁለት ስም ከሆነ የአባልነት መዝገቡም በሁለት ስም ይሁን፤ ይህ አዲስ አዋጅ አይጠይቅም፣ የጠቅላላ ጉባዔ ውሳኔ ይበቃዋል። ለላኪዎች፦ ማሳውን ስትለኩ የሚስትም ስም ይግባ፤ አልጋውን የምትመራውን ሴት ደግሞ ከቀን ሠራተኛ ዝርዝር አውጥታችሁ የጥራት ኃላፊ ብላችሁ ቅጠሯት፣ ደመወዟንም በዚያው ልክ ክፈሏት። ሥልጠና ለምታዘጋጁ ድርጅቶችና ለዲላ ዩኒቨርሲቲ፦ ባነሩ ከመሰቀሉ በፊት ተሳታፊዎቹን አንድ ነገር ጠይቁ፤ በስማችሁ የተመዘገበ ምን አለ? መልሱ "ምንም" ከሆነ የሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን በወረዳው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይዋል።